ለደካማ ትንፋሽ የሚሆን ማጉያ

ዜና ሽቦ ከሚሉት ሰው ሱቅ ደጃፍ ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። አንዴ የጫማው ማሰሪያ የተፈታ መስሎ ጎንበስ አለ፤ አንዴ ደግሞ ከኋላው ሰው የጠራው መስሎ ዞረ። ማንም አልጠራውም፤ ጫማውም ማሰሪያ የለውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ማዶ የሚያዞር ሰው ዛሬ እግሩ ቢለግም አይፈረድበትም። በመጨረሻ ግን ገባ። ችግር አስገባው።

ችግሩ ትንፋሽ ነው። ዜና ሃርሞኒካ ይነፋል፣ ያውም የብሉዝ ሙዚቃ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ባለች ጠባብ መጠጥ ቤት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ይጫወታል፤ አንዱ ጊታር የሚመታ ልብስ ሰፊ ነው፣ ሌላው ከበሮ የሚመታ ጡረተኛ ሾፌር። ጭስ ሳንባውን ከበላው ወዲህ ግን ትንፋሹ ከዓመት ዓመት እየመነመነ ሄዶ፣ አሁን ጊታሩ ትንሽ ጠንከር ካለ የሱ ነገር አበቃ። ልብስ ሰፊው ደግሞ ምላሱ ከመቀሱ አያንስም። «ስትነፋ ሰው ከንፈርህን ያያል እንጂ ድምፅህን አይሰማም» አለው ባለፈው ቅዳሜ፣ ሰው ፊት። «ለሚቀጥለው የሚያጎላልህ ነገር ይዘህ ካልመጣህ፣ ሳክስፎን የሚነፋ ሰው አግኝቻለሁ።» ዜና ሳቀ። ቤቱ ሲደርስ ግን አልሳቀም። ከዚያች ከሰዓት በኋላ በቀር በሳምንቱ ውስጥ የሚጠብቀው ነገር የለውም። እሷንም ከወሰዱበት ቀሪው ዕድሜ እንዲያው ወንበር ማሞቅ ነው።

ትልቁ የሙዚቃ ዕቃ መደብር ሄዶ ጠየቀ። ሻጩ ዋጋውን ሲነግረው አመስግኖ ወጣ፤ ምኑን እንዳመሰገነ እሱ ይወቀው። ከዚያ ወዲያ የጠየቃቸው ሁሉ አንድ መልስ ሰጡት፦ «ሽቦ ዘንድ ሂድ። ከወዳደቀ ዕቃ ገጣጥሞ በርካሽ ይሠራልሃል።» አብዛኞቹ ለማን እንደተናገሩ ትዝ ያላቸው ከተናገሩ በኋላ ነው።

ዜናና ሽቦ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ ነበሩ። ዜና ቅጽል ስሙን ያገኘው በድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ የሚያነበው እሱ ስለነበረ ነው። ሽቦ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነበር፤ ሥራውም ሰውነቱም ሽቦ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከኋላው በር ጀርባ ያለው የጥጥ መጋዘን በእሳት ተያያዘ። ዜና ማይኩን አንስቶ «በኋላ በር አትውጡ!» አለ። ደጋግሞ አለ። አጠገቡ የተቀመጠችው ጸሐፊ በገዛ ጆሮዋ ሰምታዋለች። የማሸጊያ ክፍል ሠራተኞች ግን የሰሙት «በኋላ በር ውጡ» የሚል ነው፤ ወጡም። በሩ ሲከፈት እሳቱ ተቀበላቸው። ሰባት ሰው ሞተ። ከሰባቱ አንዷ የዜና ታናሽ እህት ናት። የተረፉት እንደተናገሩት፣ ከሁሉም ቀድማ ወደ በሩ የሮጠችው እሷ ነበረች። የወንድሟን ድምፅ አምና ነው።

መርማሪዎቹ ብዙ አልደከሙም። አፉ «አትውጡ» ካለ፣ ጆሮው ደግሞ «ውጡ» ከሰማ፣ ያዛባው መሀል ላይ ያለው ዕቃ ነው። ዕቃው ደግሞ የሽቦ ነው። ሽቦም ቢሆን ራሱን ለማዳን አልሞከረም። ብድግ ብሎ፣ «ወደ ማሸጊያ ክፍል በሚሄደው መስመር ላይ አንድ የላላ ብየዳ ነበር፤ ከምሳ በኋላ እሠራዋለሁ ብዬ ትቼዋለሁ» አለ። ከዚህ በላይ ማን ምን ይፈልጋል? ሁለት ዓመት ታሰረ። ዜና ፍርድ ቤት ቆሞ በመሐላ መስክሮበታል፤ ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው ሰላምታ የለም። ዜና አብሯት የሚኖረው አሮጊት እናቱ ደግሞ የሽቦ ስም ቤቷ ውስጥ ከተነሳ ሳትራገም አታልፍም።

እንግዲህ እህቴን ገደለብኝ ብሎ ከሚጠላው ሰው ነው ዛሬ ዕቃ ሊገዛ የመጣው። ውርደት ነው፤ ያውቀዋል።

ሽቦ ከፈታው ሬዲዮ ላይ ቀና ብሎ ማን እንደገባ ሲያይ፣ የያዘውን መፍቻ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ፀጉሩ ነጥቷል። መስኮቱ ሥር ያለችው ለአቅመ ሄዋን ከደረሰች የቆየች ልጁ የተወሳሰበ ገመድ እየፈታች ነበር። «እንደምን ዋሉ ጋሼ» አለችና ወደ ገመዷ ተመለሰች።

«ለዕቃ ነው የመጣሁት» አለ ዜና። «ለሌላ እንዳይመስልህ።»

«ለሌላማ ማን ይመጣል እዚህ?» አለ ሽቦ። «ምንድን ነው የፈለግከው?»

«ለሃርሞኒካ ማጉያ። ብዙ አልከፍልም።»

«አውቃለሁ። ብዙ የሚከፍል ሰው እኔ ጋ አይመጣም።» ወንበር ሳበለት። ዜና አልተቀመጠም። «ቤቱ ምን ያህል ነው?»

«ጠባብ ነው። አርባ ሰው ከገባ እርስ በርሱ ይረጋገጣል።»

«ጊታረኛው በምን ያጎላል?»

«ከራሱ ጭንቅላት የሚተልቅ ሳጥን አለው። ጭንቅላቱን ደግሞ ታውቀዋለህ።»

ሽቦ ሊስቅ ከጅሎት ነበር፤ ይፈቀድለት አይፈቀድለት ስላላወቀ ዋጠው።

መጀመሪያ ያወጣው በባትሪ የሚሠራ፣ መዳፍ የምታክል ነገር ነው። ሃርሞኒካው በሷ ውስጥ ሲያልፍ የትንኝ ድምፅ ሆኖ ወጣ። «ይሄ ብቻህን ቤትህ ስትሆን ነው» ብሎ መለሳት። ቀጥሎ የአዳራሽ ማጉያ ጎትቶ አመጣ። ዜና ማይኩን በሁለት እጁ ከሃርሞኒካው ጋር አፍኖ ገና አንዴ ሲነፋ ዕቃው ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ለቀቀ፤ የሽቦ ልጅ ጆሮዋን ያዘች።

«አየህ፣ ትልቅ ስለሆነ ጥሩ ነው ማለት አይደለም» አለ ሽቦ እያጠፋው። ዕቃ ሲያነሳ ሌላ ሰው ይሆናል፤ አንገቱ ይቃናል። «ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ጉልበት ይገዛል፣ ከዚያ በፉጨት ምክንያት ግማሹንም ሳይከፍተው ይኖራል። ላንተ የሚሆነው ትንሽ ሆኖ ድምፅ ሲበዛበት ቶሎ የሚጨናነቅ ዕቃ ነው። ሲጨናነቅ ነው ያ የምትወዱት ሻካራ ድምፅ የሚመጣው። ቆይ።»

ከጓዳ አንድ አሮጌ ሬዲዮ ይዞ ወጣ። የእንጨት ሳጥኑ እንዳለ ሆኖ ሆድ ዕቃው ተቀይሯል፤ ውስጡ እንደ ትንንሽ አምፖል የሚግሉ ሁለት ቫልቮች፣ ፊት ለፊቱ የሳህን ስፋት ያለው አንድ ስፒከር። ማይኩን ደግሞ ከመሳቢያ አወጣው። የዘፋኝ ዓይነት ረጅም አይደለም፤ ድቡልቡል ነው፣ ሁለት መዳፍ ውስጥ ግጥም የሚል። ታክሲ ጥሪ ክፍል ውስጥ ነበር የሚሠራበት አለው። «ዘፋኝ ቢሰጡት ይጥለዋል። ላንተ ግን ከዚህ የተሻለ በውድም አታገኝም። ውስጡ ያለችው ነገር እርጥበትና ሙቀት አትወድም፤ ነፍተህ ስትጨርስ ጠርገህ አስቀምጣት። ማጉያው ላይ ቀጭኑን ድምፅ ቀንስ፣ ወፍራሙን ጨምር። በል ሞክረው።»

ቫልቮቹ እስኪግሉ ጠበቁ። ከዚያ ዜና ነፋ።

የወጣው ድምፅ የሱ አይመስልም። ወፍራም፣ የተቧጨረ፣ ከደረት ሥር የመጣ ድምፅ ነው። ያቺ የሞተች ትንፋሹ ቤቱን ሞላችው። ዜና ዓይኑን ጨፍኖ ሁለት ዙር ተጫወተ፤ ደስታ እስከ ጣቱ ጫፍ ደረሰ። ዓይኑን ሲገልጥ ግን የቆመው ሽቦ ሱቅ ውስጥ ነው። የማን ቤት እንደተደሰተ ትዝ አለውና አፈረ።

«እንዲህ ነበር የምትጫወተው» አለ ሽቦ፣ ቀስ ብሎ። «በምሳ ሰዓት። በማስታወቂያው ማይክ እየነፋህ ለሠራተኛው ሁሉ ስታሰማ። እኔ ማሸጊያ ክፍል ቆሜ ድምፁን ከፍ አደርግልህ ነበር። እህትህ ተነስታ…»

«እሷን አታንሳ።»

«እሺ።»

«አፍህ ውስጥ እንዳላገኛት!»

«እሺ አልኩ እኮ።» ሽቦ አንገቱን ደፋ።

ልጅቷ ነገሩ እንዳይከር ፈርታ ይሁን ጎረቤት እንዳይረበሽ፣ ተነስታ ክፍቱን የነበረውን በር ልትዘጋ ሄደች። ቤቱ ውስጥ የብየዳ ጭስ አለ፤ ጭስ ደግሞ የዜና ደረት አይችልም። ሃርሞኒካውን ዝቅ አደረገው እንጂ ማይኩ አሁንም በሁለት መዳፉ ታፍኖ ከአፉ ሥር ነበር። «በሩን አትዝጊው!» አላት። ድምፁ ከሳጥኑ እየጎረነነ ወጣ።

ልጅቷ ዘጋችው። መወርወሪያውንም ገፋችው።

«ኧረ ክፈቺው! ጭሱ ሊገድለኝ ነው እኮ! አትዝጊው አልኩሽ አይደል?»

«እንዴ ጋሼ! ዝጊው ነው ያሉኝ» አለች። «አባዬ፣ ዝጊው አላሉም?»

«ዝጊው ነው ያልከው» አለ ሽቦም። በሩ ተከፈተ። ሽቦ የማጉያውን ገመድ እየነቀለ በዚያው በዕቃ አዋቂ ድምፁ ቀጠለ፦ «አትፍረድባት። እንዲህ አፍነህ ስትይዘው ቀጭን ቀጭኑን ይበላዋል። ከቃል ፊት ያለች «አት» ምናምን ከመዳፍህ አታልፍም። ለሃርሞኒካ እሰየው ነው፤ ለንግግር ግን አይሆንም። ስታወራ እጅህን ልቀቅና ራቅ አድርገህ ያዘው።»

ዜና ክው ብሎ ቀረ።

እጆቹን አያቸው። ማይኩን አሁንም እንደያዙት ናቸው፤ አውራ ጣቶቹ ተጋጥመው፣ መዳፎቹ ያለ ቀዳዳ ተዘግተው። የፋብሪካውም ማይክ ድቡልቡል ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የምሳ ሰዓት ሁሉ እንዲህ አድርጎ ይዞታል። ማስታወቂያ ሲያነብ ከማቆሚያው ላይ አያነሳውም ነበር፤ አፉን ራቅ አድርጎ፣ ተረጋግቶ ነው የሚያነበው። የዚያን ቀን ግን ጭሱ በመስኮት ሲገባ ከማቆሚያው መንጥቆ አነሳው። በምን አነሳው? በሁለት እጁ። እጁ ሌላ አያያዝ አያውቅም። አፉ ላይ ለጥፎ ጮኸበት። ጸሐፊዋ የሰማችው አፉን ነው እንጂ ማሸጊያ ክፍል የደረሰውን አይደለም።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው «እንዴት ነበር የያዝከው?» ብሎ አልጠየቀውም። እሱም ራሱን አልጠየቀም።

ሽቦ አልባነነም። ገመዱን እየጠቀለለ፣ ማጉያውን የሚከትበት ካርቶን እያማተረ ነው። ልጅቷም ገመዷን ትፈታለች። ዕቃውን ተቀብሎ ቢወጣ የሚያውቅበት ሰው የለም። ቅዳሜ አለለት፣ ድምፅ አለለት፣ የሚጠላው ሰውም እንደነበረ ይቆይለታል። እውነቱን እንናገር፤ ዜና ይህን ሁሉ አሰበ። ካርቶኑንም «ገንዘቡን ነገ አመጣለሁ» ብሎ በእጁ ተቀበለ። በሩ ድረስም ሄደ።

«ከተበላሸ አምጣው» አለው ሽቦ ከኋላው። «ያላንዳች ክፍያ ነው የማድስልህ። ከኔ እጅ የወጣ ዕቃ ከተበላሸ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ይህቺን መሸከም አቃተው። ዞረ።

«ያ የላላው ብየዳ» አለ። «ከቃጠሎው በፊት ድምፅ ያቆራርጥ ነበር?»

የሽቦ ፊት ቅጭም አለ። ራሱ «አታንሳ» ብሎ እንደገና ሲያነሳው ምን ይባላል? «አያቆራርጥም ነበር። ላላ ብሎ አየሁት እንጂ ገና አልከፋም ነበር። ምነው?»

«በዚያው ቀን ምሳ ላይ የነፋሁት ማሸጊያ ክፍል ጥርት ብሎ ተሰምቶ ነበር?»

«ጥርት ብሎ።»

ዜና ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እስቲ መልሰህ ሰካው።»

«ምን ሆነሃል?»

«ሰካው አልኩህ ወንድሜ።»

ሽቦ ሰካው። እስኪግል ጠበቁ። ዜና ማይኩን በሁለት መዳፉ አፈነው፣ አፉ ላይ ለጠፈው፣ እንደዚያን ቀን ጮኸ፦ «በኋላ በር አትውጡ!»

ሳጥኑ የተናገረው ሌላ ነው። ዜና ራሱ ሰማው። ከዚያ እጁን ለቆ፣ ማይኩን ከአፉ አርቆ ያንኑ ደገመው። ሳጥኑ ያችን የጎደለች ቁራጭ ቃል አልዘለላትም።

መጀመሪያ የገባት ልጅቷን ነው። ገመዱ ከእጇ ወደቀ። ሽቦ ግን አሁንም የማጉያውን መቆጣጠሪያዎች እያየ ነበር፤ ጥፋቱን እዚያ የሚፈልግ ይመስላል።

«አይደለም» አለ። «ብየዳው ነው።»

«እንዲህ ነበር የያዝኩት። ከማቆሚያው አንስቼው ነበር።»

«ብየዳው ነው አልኩህ! ለምሳ ብዬ ትቼው ሄጄ! እኔ ነኝ የማውቀው!» ድምፁ ተሰነጠቀ። ሰው ለዘጠኝ ዓመት የተሸከመውን ነገር ድንገት ውሰዱለት ቢባል እንዲህ ሙጭጭ ይላል ብሎ ማን ያስባል? ከዚያ፣ «ድገመው» አለ።

ዜና ደገመው። አፍኖም፣ ለቆም። ሽቦ ሁለቱንም ሰማና ዜና ሳይቀመጥበት በቀረው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ» አለች ልጅቷ። «እናቴ እኮ የሟቾቹን እናቶች ገበያ ላይ ላለማየት ከቤት መውጣት ትታ ነበር። አባዬን በመጨረሻ ጊዜዋ ምን እንዳለችው ያውቃሉ? «ያችን ምሳህን ባትበላ ምን ነበረበት?» ነው ያለችው። ይህን ብላው ሞተች።»

ዜና ይቅርታ ማለት ፈለገ። ቃሉ ግን ለነገሩ አነሰበት።

«ሂድ» አለ ሽቦ፣ ሳያየው።

«ሽቦ…»

«ዕቃህን ይዘህ ሂድ። የሚከፈልበት ነገር የለም።»

ዜና ማጉያውንም ማይኩንም እዚያው ትቶ ወጣ። አሥር እርምጃ ሳይሄድ ልጅቷ ከኋላው ደረሰች። ሻርፗን በችኮላ ትከሻዋ ላይ ጥላዋለች።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«የሰባቱም ሟቾች ቤት። ከእናቴ ልጀምር።»

«አብሬዎት ነው የምሄደው። ሰው ቤቱ ሲገባ ሐሳቡን ይለውጣል።»

ልክ ናት። ብቻውን ቢሆን ኖሮ እስከ ነገ ያሳድረው ነበር፤ ነገ ደግሞ እስከ ሌላ ነገ። ጎን ለጎን ሆነው ሄዱ። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም፤ ሰው ሥራ ላይ ነው፤ መንገዱ ላይ ሰላም የሚላቸውም አልነበረም። ዳገቱን ሲወጡ ዜና ሁለት ጊዜ ቆሞ ደረቱን ይዞ አረፈ። ልጅቷ ጠበቀችው እንጂ አልደገፈችውም።

እናቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የሹራብ እጅጌ እየተረተረች ክሩን በክብ ትጠቀልላለች። ቀና አለችና መጀመሪያ ያየችው እንግዳዋን ነው። ፊቷ ፈካ። «ግቢ እናቴ፣ ግቢ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የሽቦ ልጅ ነኝ፣ እማማ።»

የአሮጊቷ እጅ ክሩ ላይ ቆመ። «የማን?» አለች፤ ግን ሰምታለች። ወደ ልጇ ዞረች። «እሷን ቤቴ የምታስገባው በጤናህ ነው? የእህትህን ደም…»

«እማዬ» አለ ዜና። ፊት ለፊቷ ሄዶ በርከክ አለ። ዳገቱ ትንፋሹን ጨርሶበታል፤ ከሆዱ የሚወጣው ነፋስ ከንፈሩ ላይ ሳይደርስ ያልቃል። «ሽቦ አይደለም። እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ። ማይኩን ያፈንኩት እኔ ነኝ። እህቴ የሰማችው የኔን ነው።»

እናቱ ጆሮዋን ወደሱ አስጠጋች። ተቆጥታለች፤ የሚያንሾካሹክ ሰው አትወድም። «አይሰማኝም። ምን እያልክ ነው? ጮክ በል እንጂ!»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች። ዜና እንደገና ሞከረ። እንደገና ጉሮሮው ውስጥ ቀረ፤ እናቱ ራሷን ነቀነቀች፣ እጇንም ጆሮዋ ላይ አደረገች። ዜና ደረቱ ውስጥ የቀረችውን ሁሉ ሰበሰበና ጮኸ።

በሦስተኛው ሰማች።